የጎደለ ወረቀትና የጎደለ ብቃት

በታላቋ ብሪታንያ በከባድ መኪና ዕቃ እያጓጓዘ ለመተዳደር የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ከሚያያይዛቸው ማስረጃዎች አንዱ የባንክ ስቴትመንት ነው። ስቴትመንቱ ቢያንስ የ28 ተከታታይ ቀናት እንቅስቃሴ ማሳየት አለበት፤ የመጨረሻው ቀንም ማመልከቻው ከገባበት ጊዜ ከሁለት ወር በላይ የቆየ መሆን የለበትም። የሒሳቡ ስምና የአመልካቹ ስም አንድ መሆን ስላለበት፣ ማመልከቻው በድርጅት ስም ገብቶ የባለቤቱን የግል ሒሳብ ማያያዝ አያስኬድም። መደበኛውን ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው በሒሳቡ ሊገኝ የሚገባው ገንዘብ ለመጀመሪያው መኪና 8,000 ፓውንድ፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 4,500 ፓውንድ ነው። እንግዲህ ሦስት መኪና ማሰማራት የፈለጉ ሁለት አመልካቾች አሉ እንበል። አንደኛው የሚፈለግበት 17,000 ፓውንድ በሒሳቡ አለው፤ ያቀረበው ስቴትመንት ግን የ26 ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው 28ቱን ቀን አሟልቶ፣ በትክክለኛው ስም፣ በጊዜው አቅርቧል፤ ባንክ ያለው ገንዘብ ግን 6,000 ፓውንድ ነው። የሁለቱም ማመልከቻ መስፈርቱን አላሟላም። የመጀመሪያው የጎደለው ወረቀት ነው፣ የሁለተኛው የጎደለው ብቃት።

ያልተሟላ የትራንስፖርት ፈቃድ ማመልከቻ ወዲያውኑ ውድቅ ይደረግ ወይስ አይደረግ የሚለው ክርክር መቋጫ የሚያጣው እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይን ስለሚያይ ይመስለኛል። እኔ የማምንበት ይህ ነው፦ ወረቀት የጎደለበት ሰው የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ ተነግሮት አጭር የማሟያ ቀን ሊሰጠው ይገባል። ብቃት የጎደለው ደግሞ ፋይሉ ተመርምሮ፣ ምክንያቱ ተጽፎለት ሊከለከል ይገባል። ክልከላ አንድ ባለሥልጣን ፋይል አንብቦ የሚደርስበት ውሳኔ ነው። ፋይሉን ሳያነቡ ከጠረጴዛ ላይ የማንሻ ዘዴ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው የተፈጠረበትን ዓላማ ይስታል።

ጥብቅ አቋም የሚይዙ ወገኖች መነሻቸው የሚናቅ አይደለም። የትራንስፖርት ፈቃድ ከሱቅ ፈቃድ የሚለየው የባለፈቃዱ ጥፋት መንገድ ላይ ለተገኘ ለማንም ስለሚተርፍ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2015 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ቁልቁለት የሚወርድ ገልባጭ መኪና ፍሬኑ እምቢ ብሎት አራት ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ አንዷ የ4 ዓመት ሕፃን ነበረች። የድርጅቱ ባለቤትና የመኪናውን ደኅንነት ሲከታተል የነበረው መካኒክ ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብለው ታሠሩ። በእኛም አገር የገልባጭ መኪና ነገር ምን ያህል ሕዝብ እንዳስለቀሰ፣ ሲኖትራክ ምን ዓይነት ቅጽል ስም እንደወጣለት የሚያስታውስ ሰው፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ጨከን ቢል አይፈርድበትም። ክርክራቸው ባጭሩ ሲቀመጥ፣ አንድ ቅጽ አስተካክሎ መሙላት ያቃተው ሰው ፍሬኑን በጊዜው ያስመረምራል ብሎ ማን ያምነዋል የሚል ነው።

ይህ ክርክር ጉልበት ቢኖረውም መጨረሻው ላይ ራሱን ይቃወማል። በብሪታንያው ማመልከቻ ውስጥ አመልካቹ መኪኖቹን በየስንት ሳምንቱ እንደሚያስመረምር፣ ምርመራውን የሚሠራለት ማን እንደሆነ፣ መኪኖቹ የሚያድሩት የት እንደሆነ የሚጠየቅበት ክፍል አለ። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋውን አመልካች የሚያጋልጠው ያ ክፍል ነው። የባንክ ስቴትመንት በሁለት ቀን አጠረ ብሎ ፋይሉን ወዲያው የሚመልስ ሠራተኛ ግን ያንን ገጽ አይደርስበትም። አመልካቹ በሳምንቱ ሁለቱን ቀን ጨምሮ ሲመጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለ ፍሬኑ የሚያውቀው ከቀድሞው አይበልጥም። በዚያ ላይ ወረቀቱ ሁልጊዜ የተሟላለት ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን። የሕግ ክፍልና የጽሕፈት ሠራተኞች ያሉት ትልቅ ድርጅት ነው፤ ወይም ከፍሎ ፋይሉን በሚያውቅበት ሰው ያሠራ ነው። አንድ መኪና በብድር ገዝቶ ራሱ የሚነዳ፣ ከጉዞ ሲመለስ ማታ ቁጭ ብሎ ቅጽ የሚሞላ ሰው አንድ ገጽ ቢዘነጋ ስለ መኪና አያያዙ የሚነግረን ነገር የለም። እንዲያውም ፍሬኑ ቢበጠስ መሪው ላይ የሚገኘው እሱ ራሱ ነው።

የብሪታንያ ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረገው ልዩነት በቅርብ ቢታይ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ወዲያውኑ ውድቅ ማድረግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፣ ቦታ አበጀለት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የጭነት ተሽከርካሪ አንቀሳቃሾች ፈቃድ ሕግ አንድ አመልካች መኪኖቹን በሚያሳድርበት አካባቢ በሚነበብ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ማስታወቂያው ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 21 ቀናት ወይም ከገባ በኋላ ባሉት 21 ቀናት ውስጥ መውጣት አለበት። ይህ ካልተደረገ፣ በብሪታንያ ትራፊክ ኮሚሽነር የሚባለው ፈቃድ ሰጪ ባለሥልጣን የማመልከቻውን ፍሬ ነገር ሳይመለከት ውድቅ እንዲያደርገው የሕጉ አንቀጽ 11 ያዘዋል። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ምክንያት አለው። ከቤቱ አጠገብ ሌሊት ሞተር የሚያስነሱ ከባድ መኪኖች ሊሰፍሩበት ያለ ነዋሪ ቅሬታውን ማቅረብ የሚችለው ነገሩን ከሰማ ነው። ማስታወቂያው ቢቀር የተጎዳው አመልካቹ ብቻ አይደለም፤ በጉዳዩ ላይ ድምፅ ያለው ሦስተኛ ሰው ሳይጠየቅ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ባለሥልጣኑ በደብዳቤ ጠይቆ ሊሞላው አይችልም፤ ጊዜው አልፏል።

ከዚህም በላይ ደስ የሚለኝ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ያለው ልዩ ሁኔታ ነው። ማስታወቂያው ወጥቶ፣ ግን አጻጻፉ ወይም አወጣጡ እንከን ቢኖርበት፣ በዚህም ምክንያት የማንም ጥቅም እንዳልተጎዳ ኮሚሽነሩ ካመነ፣ ውድቅ የማድረግ ግዴታ የለበትም። ሕግ አውጪው ጠንካራውን ቅጣት ከጻፈ በኋላ፣ ጉድለቱ ማንን ጎዳ የሚለውን ጥያቄ አብሮ ጻፈው ማለት ነው። የእኔም መለኪያ ይኸው ነው። የጎደለው ነገር የሌላን ሰው መብት ወይም የመንገድን ደኅንነት የሚነካና በኋላ ሊተካ የማይችል ከሆነ፣ ውድቅ ይደረግ። ነገ ጠዋት በአንድ ኮፒ የሚሞላ ከሆነ ግን ይጠየቅ።

ታዲያ ፋይሉ ወረቀት እስኪሟላለት ክፍት ሆኖ ሲጠብቅ ሕዝቡ አደጋ ላይ አይወድቅም ወይ? አይወድቅም፤ ይህን ለማየት የአሜሪካን አሠራር መመልከት ይጠቅማል። ከግዛት ግዛት ዕቃ በክፍያ የሚያጓጉዙ መኪኖችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለማመልከቻው 300 ዶላር ያስከፍላል፤ ገንዘቡም አይመለስም። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ለሕዝብ ይፋ ይደረግና የሚቃወም ካለ 10 ቀን ይሰጠዋል። አመልካቹ ግን ቁጥር ተሰጠው ማለት መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል ማለት አይደለም። የመድን ድርጅቱ በራሱ በኩል የሽፋኑን ማረጋገጫ ለመሥሪያ ቤቱ ካልላከ ፈቃዱ ሥራ ላይ አይውልም። ተራ ጭነት በከባድ መኪና ለሚያጓጉዝ ይህ ሽፋን ቢያንስ 750,000 ዶላር ነው። በዚያ አገር ረጅም መንገድ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ባለመኪኖች ይህን የጥበቃ ጊዜ በደንብ ያውቁታል። ፋይሉ አለ፤ ማንም ውድቅ አላደረገውም፤ መኪናው ግን ቆሟል። በብሪታንያም ፈቃድ ሳይኖረው ያሰማራ ሰው መኪናው ተይዞ ሊወሰድበት ይችላል። ሕዝቡን የሚጠብቀው ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ መከልከሉ ነው። ፋይሉ ተዘጋ ወይም ክፍት ሆኖ ቆየ የሚለው በመንገዱ ላይ ለሚሄደው ሰው ልዩነት አያመጣም።

ለአመልካቹ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በብሪታንያ ቅጽ ላይ ከአመልካቾቹ መካከል ከዚህ ቀደም ፈቃድ ጠይቆ የተከለከለ አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። በሁለት ቀን ያጠረ ስቴትመንት ምክንያት ተከልክያለሁ የሚል ሰውና በተጭበረበረ የጥገና መዝገብ ተከልክያለሁ የሚል ሰው እዚያ ሣጥን ውስጥ የሚያደርጉት ምልክት አንድ ነው። ማብራሪያ ማያያዝ ይቻላል፤ ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ሲያብራራ ይኖራል። እዚያ አገር ለማመልከቻ የሚከፈለው 257 ፓውንድም የማይመለስ ገንዘብ ነው። በእኛ አገር ሁኔታ ደግሞ ጉዳቱ በወለድ ይቆጠራል። መኪናው በባንክ ብድር ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ የወሩ ክፍያ ግን አይቆምም። ባለመኪናው ከመነሻው እንደገና ወረፋ ይዞ፣ እንደገና ቅጽ ሞልቶ፣ እንደገና ከፍሎ ሲጀምር የሚያልፈው ጊዜ ለአንድ ሰነድ መርሳት የተመጠነ ቅጣት አይደለም።

መሥሪያ ቤቶች የሚያነሡት ሌላው ነገር የሥራ ብዛት ነው። ግማሽ ሆኖ የመጣውን ሁሉ ከተቀበልን፣ ሰዎች ወረፋ ለመያዝ ሲሉ ባዶ ቅጽ ያስገባሉ፣ እኛም የእነሱ ጸሐፊ ሆነን እንቀራለን ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ነው የማሟያ ቀኑ አጭርና ቁርጥ ያለ መሆን ያለበት። በቀኑ ያላሟላ ሰው ፋይሉ ይዘጋ፣ ወረፋውም ይለፈው። ስሙና ፊርማው ብቻ ያለበት ቅጽ ደግሞ መጀመሪያውኑ ማመልከቻ ስላልሆነ አይመዝገብ። ነገር ግን የጊዜ ቆጠራው ጉዳይ ሌላ አደጋ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ደንብ ቁጥር 1071 መሠረት፣ የመንገድ ትራንስፖርት ሥራ ለመሥራት የቀረበ ማመልከቻ ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መመርመር አለበት፤ በቂ ምክንያት ካለ አንድ ወር ይጨመራል። ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ግን አስፈላጊዎቹ ሰነዶች ሁሉ ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሲበዛበት ቆጠራው እንዳይጀምር የሚያደርግበት ቀላሉ መንገድ እንግዲህ አንድ የጎደለ ነገር ማግኘት ነው፤ ያ ሲሟላ ደግሞ ሌላ። የጎደለው ሁሉ በአንድ ደብዳቤ፣ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ይነገር፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ወረቀት መጠየቅ አይፈቀድ የምለው ለዚህ ነው። ያው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የአገልግሎቶች መመሪያ ማመልከቻው ያልተሟላ ሰው ተጨማሪ ሰነድ እንደሚያስፈልገው በተቻለ ፍጥነት እንዲነገረው ደንግጓል። ያ መመሪያ የትራንስፖርት አገልግሎትን አይጨምርም፤ ሐሳቡ ግን ለትራንስፖርትም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

በጣም ልቆይበት የምፈልገው ግን የሙስናው ክርክር ነው፤ በእኛ አገር ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና። አንዳንዶች ሠራተኛው ጎደለህ፣ ቆይ፣ አሟላ እያለ የመደራደር ዕድል ባገኘ ቁጥር ለጉቦ በር ይከፈታል፣ ስለዚህ የተሟላ ይግባ፣ ያልተሟላ ይውደቅ፣ ማንም ምርጫ አይኑረው ይላሉ። ስሜታቸውን እጋራለሁ። ግን ምርጫው የት እንዳለ እንመልከት። ሙሉ ነው፣ ሙሉ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ያው ሠራተኛ ነው። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ፎቶኮፒው አይነበብም፣ ደብዳቤው በአድራሻችን አልተጻፈም፣ የአያት ስም በሊብሬውና በመታወቂያው ላይ አይገጥምም፤ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ መስኮት ላይ የሚባሉ ነገሮች ናቸው። አንዳቸውም ብቻቸውን ሐሰት ላይሆኑ ይችላሉ። የቅጣቱ መጠን ከፍ ሲል፣ ማለትም ጎደለ የሚለው ቃል ነገ ና ከማለት ወደ ውድቅ ሆነሃል ሲሻገር፣ ያንን ቃል የመናገር ሥልጣን ዋጋውም አብሮ ይጨምራል። ባለጉዳዩ ከመስኮቱ ተመልሶ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚጠብቀው ጉዳይ አስፈጻሚ ገበያው የሚደራው ያን ጊዜ ነው። ጉቦ የሚጠላው ነገር የተጻፈ ቃል ነው። ሠራተኛው የጎደለውን ዘርዝሮ፣ ቀን ጽፎ፣ ስሙን ፈርሞ፣ አንዱን ቅጂ ለባለጉዳዩ ሲሰጥና ሌላውን ፋይሉ ላይ ሲያያይዝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ጉድለት መፍጠር ይቸግረዋል። በቃል የተነገረ ውድቅታ ግን ምንም ዱካ የለውም።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር አለ። በአገራችን የትራንስፖርት ሥራ የሚጀምር ሰው ከሚጠየቀው ወረቀት አብዛኛው እሱ የሚያዘጋጀው አይደለም፤ መንግሥት ራሱ የሚሰጠው ነው። ሊብሬው፣ የተሽከርካሪ ምርመራው ውጤት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የግብር ክሊራንሱ፣ ከዚያም ከትራንስፖርት ቢሮ ተገኝቶ ለንግድ ፈቃዱ መነሻ ሆኖ የሚቀርበው የብቃት ማረጋገጫ፣ ሁሉም ከአንድ የመንግሥት መስኮት ወደ ሌላው የሚሄድ ነው። አንዱ ቢሮ ሲስተም የለም ብሎ ያዘገየውን ወረቀት ሌላው ቢሮ አልቀረበም ብሎ ማመልከቻውን ከጣለ፣ ቅጣቱን የሚከፍለው በመካከል የቆመው ሰው ነው። መንግሥት በእጁ ያለውን ማስረጃ ከባለጉዳዩ ቢጠይቅ ይሁን፤ ስላላገኘው ግን መቅጣት የለበትም። ቢያንስ ሰነዱን ከሌላ መሥሪያ ቤት የጠየቀበትን ደረሰኝ ያሳየ ሰው የማሟያ ቀኑ ሊራዘምለት ይገባል።

ወረቀቱን አሟልቶ የመጣውስ መብት የት አለ የሚሉ አሉ። ለውድድር የቀረበ ጥቂት ቦታ ሲሆን፣ ለምሳሌ በአንድ መስመር ላይ የሚሰማሩ መኪኖች ቁጥር ተወስኖ ማመልከቻ በቀነ ገደብ ሲጠራ፣ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እንደ ጨረታ ሁሉ እዚያ ላይ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሰነድ መቀበል ሌላውን መበደል ነው። ተራው የፈቃድ ጥያቄ ግን ውድድር አይደለም። መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል፤ የአንዱ ማሟላት ከሌላው የሚቀንሰው የለም።

በኢትዮጵያ ይህን ለማስተካከል አዲስ ፍልስፍና አያስፈልግም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበትና መመሪያው ይፋ እንዲሆን፣ በግለሰብ ላይ የሚሰጡት ውሳኔ ምክንያት እንዲኖረውና በፍርድ ቤት ሊመረመር እንዲችል መሠረት ጥሏል። ምክንያት የሚጠየቅበት ውሳኔ ካለ፣ አልተሟላም የሚል አንድ ቃል ምክንያት ሊሆን አይችልም። ምን እንዳልተሟላ፣ መቼ እንደተነገረው፣ ስንት ቀን እንደተሰጠው መጻፍ አለበት። የሚጠየቁት ሰነዶች ዝርዝር ደግሞ መመሪያው ውስጥ ታትሞ በግድግዳም በስልክም ሊታይ ይገባል። በመስኮት ብቻ የሚነገር መስፈርት አላሟላህም ተብሎ ማንም ሊወቀስበት አይገባም።

የሚቀረው ዕድሳት ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከአዲስ አመልካች ይለያል፣ መኪናው ሥራ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለፈቃድ በጊዜውና በበቂ ሁኔታ ዕድሳት ከጠየቀ፣ መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የቀድሞው ፈቃድ እንደጸና ይቆያል ይላል። አንድ ገጽ መጉደሉ ብቻ ማመልከቻውን የሚያስጥል ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ጥበቃ ለማንም አይደርስም፤ ዕድሳት በጊዜው ጠይቆ ጭኖ ጅቡቲ መንገድ ላይ ያለ መኪና በአንድ ፎቶኮፒ ምክንያት ሕገ ወጥ ሆኖ ያድራል። በእኛ መመሪያ ላይ መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው ባይ ነኝ፦ በጊዜው የገባ የዕድሳት ጥያቄ ሰነድ ቢጎድለውም በጊዜው እንደገባ ይቆጠር፤ በማሟያው ቀን እስከተሟላ ድረስ የቀድሞው ፈቃድ ይጽና። ሁለት ሰነዶች ብቻ ከዚህ ይውጡ፤ ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን። የመጀመሪያው የሌለው መኪና ፍሬኑ መያዙን ማንም አላረጋገጠም፣ ሁለተኛው የሌለው ሰው ገጭቶ የሚክስበት ሽፋን የለውም፤ እነዚህ እስኪቀርቡ መኪናው አንድ ቀንም ቢሆን ይቁም፣ ፋይሉ ግን ክፍት ይቆይ።